ፒተርስበርግ ላይ የተረገጠው ምንጣፍ፦ በይፋዊ ጉብኝት ባንዲራና መዝሙር ምን ይናገራሉ?

ከራይን ማዶ (ክር ከፋች) — እሑድ፣ ማታ 3፡20

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቀን መጥቶ ሦስት ሳምንት ሰንብቶ ባለፈው ሐሙስ ተመለሰ። የምንኖረው የምዕራብ ጀርመን ዋና ከተማ በነበረችው ቦን አጠገብ ነው። ምን ላሳየው እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ፣ ከራይን ወንዝ ማዶ ያለው የፒተርስበርግ ኮረብታ ትዝ አለኝ። አናቱ ላይ ትልቅ ሆቴል አለ። "አባዬ፣ ጃንሆይ ያረፉበት ቤት ነው" አልኩት። ወዲያው ኮቱን ለበሰ።

ቦታው ሁለት ታሪክ አለው። አንዱ የጀርመኖቹ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ምዕራብ ጀርመንን የሚቆጣጠሩት የአሜሪካ፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ከፍተኛ ኮሚሽነሮች የተቀመጡት እዚህ ሆቴል ነበር። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 21 ቀን 1949 አዲሱ ቻንስለር ኮንራድ አደናወር ሚኒስትሮቻቸውን ይዘው መጡ። አዳራሹ ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፏል። በፕሮቶኮሉ መሠረት ኮሚሽነሮቹ ምንጣፉ ላይ ይቆማሉ፤ አደናወር ከምንጣፉ ውጭ ይጠብቃሉ። የፈረንሳዩ ኮሚሽነር ሰላም ሊላቸው ራመድ ሲል ግን አደናወርም አንድ እርምጃ ወደፊት አሉና ምንጣፉን ረገጡ። ማንም ይውረዱ ያላቸው የለም። ጀርመኖች ያቺን እርምጃ እስከ ዛሬ ያወሯታል።

ሌላው የእኛ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1954፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚሁ ሆቴል አረፉ። ምዕራብ ጀርመንን በመንግሥት ደረጃ የጎበኙ የመጀመሪያው የውጭ አገር ርዕሰ ብሔር እሳቸው ናቸው። የተቀበሏቸው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሆይስ ነበሩ። ልብ በሉ፤ ያን ጊዜ ምዕራብ ጀርመን ሙሉ ሉዓላዊነቷ ገና አልተመለሰላትም። የተመለሰላት እ.ኤ.አ. በሜይ 1955 ነው። መዝሙሯ እንኳ የተወሰነው ጃንሆይ ከመምጣታቸው ሁለት ዓመት በፊት ነበር። እኛ ሁልጊዜ የምናወራው ማን እውቅና እንደሰጠን፣ ማን እንደነፈገን ነው። በዚያ ሳምንት ግን የኢትዮጵያ ባንዲራ ቦን ላይ ሲውለበለብ፣ "አንቺም እንደ እኛ መንግሥት ነሽ" ብሎ ለሌላ አገር የመሰከረው የእኛ ባንዲራ ነበር።

አባቴ በረንዳው ላይ ቆሞ ወንዙን ቁልቁል ሲያይ ቆየና "ለመሆኑ ባንዲራችንን የሰቀሉት በየት በኩል ነበር?" አለኝ። መልስ አጣሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። በእንዲህ ያለ ጉብኝት ላይ የሠራችሁ፣ ያያችሁ፣ ያጠናችሁ ካላችሁ እስቲ አጫውቱን።

የቦሌው አሽከርካሪ — እሑድ፣ ማታ 4፡05

ወንድሜ ጽሑፍህን ወድጄዋለሁ። ግን ከዚህ ከእኛ በኩል ደግሞ ልንገርህ። ታክሲ ነው የምሠራው። እንግዳ በመጣ ቁጥር መንገድ ይዘጋል። አንድ ቀን ኩላሊቷን ለማሳጠብ የምትሄድ እናት ጭኜ አንድ ሰዓት ከሃያ ቆሜያለሁ። በመስታወት እያየኋት ነበር፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ዝም ብላለች። አጀቡ ሲያልፍ መኪናው ላይ ሁለት ትንንሽ ባንዲራ ይውለበለባል። ያን ጊዜ እውነቱን ለመናገር ባንዲራው ጨርቅ ነው የመሰለኝ። ለአገር ክብር የሚሰጥ ሰው እኮ መጀመሪያ ለሰው ክብር ይሰጣል።

ጠመኔ — እሑድ፣ ማታ 5፡30

አሽከርካሪው ወንድሜ፣ የተናገርከው ልክ ነው፤ ለታማሚ መንገድ መክፈት የሚያቅት ነገር አይደለም። ግን "ጨርቅ ነው" ስትል አንድ ነገር ልጨምርልህ። ታሪክ አስተምራለሁና ትንሽ ብረዝም ታገሠኝ።

ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት መሆናቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት በደብዳቤ አሳወቁ። ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው መልስ ግን ግንኙነቱ በጣሊያን በኩል እንደሚሆን የሚገልጽ ነበር። የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በጣሊያንኛው ቅጂ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ፍንትው ብሎ የወጣው በዚህ ነው። አየህ፣ ደብዳቤ በማን እጅ ይሂድ የሚለው ነገር ነው ዞሮ ዞሮ ዓድዋ ድረስ ያደረሰን። ከድሉ በኋላ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ውል ጣሊያን ውጫሌን ሰረዘች፤ የኢትዮጵያንም ነጻነት ተቀበለች። በዓመቱ እንግሊዝ ራሷ ልዑካኗን አዲስ አበባ ድረስ ላከች።

ሁለተኛው ምሳሌ ብዙ ሰው አያውቀውም። ከነጻነት በኋላ፣ በጥር 1934 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው ስምምነት ውስጥ አንድ አጭር ነጥብ አለች። አዲስ አበባ ያለው የእንግሊዝ ሚኒስትር ከማንኛውም አገር ተወካይ ቅድሚያ ይኑረው ትላለች። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ በሥዕል ነው የማሳያቸው። ሰሌዳው ላይ የሰልፍ መስመር አሰምርና "ቤተ መንግሥት ግብዣ አለ፤ መጀመሪያ የሚቆመው ማን ነው?" እላቸዋለሁ። በሌላው ዓለም ደንቡ ቀላል ነው። በማዕረግ እኩል ከሆኑ የሹመት ደብዳቤውን ቀድሞ ያቀረበ ቀድሞ ይቆማል፤ አገሩ ትልቅ ይሁን ትንሽ ለውጥ የለውም። እኛ ጋ ግን አንዱ አገር ለዘለዓለም አንደኛ እንዲሆን ተጻፈ። ጣሊያን ተባሮም፣ ባንዲራችን ግቢያችን ውስጥ እየተውለበለበም፣ በገዛ ቤታችን እንግዳ ማስቀደም አንችልም ነበር ማለት ነው።

ያቺ ነጥብ በታኅሣሥ 1937ቱ ስምምነት ወጣች። ከዚያ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ ጃንሆይ በአሜሪካ አውሮፕላን ግብፅ ሄደው ታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ ከቆመችው ኩዊንሲ ከምትባል የጦር መርከብ ተሳፍረው ከሩዝቬልት ጋር ተነጋገሩ። ስለ ባሕር በር፣ ስለ ኦጋዴን፣ ስለ ባቡሩ። በማንም በኩል ሳይሆን ፊት ለፊት።

ክላርኔት — ሰኞ፣ ጠዋት 2፡15

ልጆቼ እንደምን አደራችሁ። እኔ በሠራዊት የማርሽ ባንድ 27 ዓመት ክላርኔት ነፍቻለሁ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፤ ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት።

እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል መጀመሪያ የሚደርሰን ኖታው ነው። በኤምባሲው በኩል ይመጣል። አንዳንዴ ለፒያኖ ብቻ የተጻፈ ይሆናል። ያን ጊዜ አለቃችን ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ ለመለከቱ፣ ለትሮምቦኑ፣ ለክላርኔቱ ይከፋፍለዋል። ጠዋት ቀለሙ ሳይደርቅ ይታደለናል። ዜማውን ማወቅ ብቻ አይበቃም። ፍጥነቱ ትልቅ ነገር ነው። የሰው አገር መዝሙር ከልክ በላይ ካፈጠንከው ጭፈራ ይሆናል፤ ካጓተትከው ደግሞ የቀብር ይመስላል። እንግዳው ፊቱ ላይ ታየዋለህ።

አንድ ጊዜ የገጠመንን ልንገራችሁ፤ አገሩን አልጠራም። በማግሥቱ ጠዋት ለሚገባ ርዕሰ ብሔር ስንለማመድ የኤምባሲው ሰው ሊሰማን መጣ። አራት መስመር እንኳ ሳንጫወት ፊቱ ተቀያየረ። የያዝነው አሮጌው መዝሙራቸው ነበር። መንግሥት ተለውጧል፤ መዝሙሩም አብሮ ተለውጧል። ያ ሰው ቆብ ሳያደርግ በዝናብ ሮጦ ሄደና ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አዲሱን ኖታ ይዞልን መጣ። ሌሊቱን አልተኛንም። ከንፈሬ ቆስሎ ነበር። ጠዋት ቦሌ ላይ ስንጫወተው እንግዳው ደረታቸው ላይ እጃቸውን አድርገው ቆሙ። ያ የኤምባሲ ሰው ከኋላ ሆኖ ዓይኑን ሲጠርግ አይቼዋለሁ። ያን ቀን አሮጌውን ብንጫወት ኖሮ ሰውየውን "ንጉሥህን እንጂ አንተን አናውቅህም" እንደማለት ነበር።

የማርሽ ባንዱ ነገር ራሱ ከጉብኝት የመጣ ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲሄዱ ኢየሩሳሌም ላይ 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች መለከት ሲነፉ ሰሙና ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው። አርባ ልጆች የምንላቸው እነሱ ናቸው። አሠልጣኛቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነው እ.ኤ.አ. በ1926 የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ የደረሰው። የእኛን መዝሙር ዜማ አገሩን ያጣ ሰው እንደሠራው ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል።

ስለ ባንዲራው አባትህ ለጠየቁት፣ ትክክለኛውን ጎን አላውቅም ልጄ፤ በየአገሩ ይለያያል። በሁሉም ዘንድ የማይለወጠው ግን መጠኑና ከፍታው ነው። የእንግዳውና የባለቤቱ ባንዲራ እኩል ስፋት፣ እኩል ቁመት። በሰላም ጊዜ የአንዱ ከሌላው በላይ አይሰቀልም። እኛም ሰልፍ ከመጀመራችን በፊት አንድ ሻምበል በገመድ እየለካ ያረጋግጥ ነበር።

የሜክሲኮ ልጅ — ሰኞ፣ ቀን 7፡40

ጋሽ ክላርኔት እድሜ ይስጥዎት! እኔ ያደግኩት ሜክሲኮ አደባባይ ነው። ልጅ ሆነን ስሙ ከየት እንደመጣ አናውቅም ነበር። በኋላ ነው አያቴ የነገረችኝ። ጣሊያን ሲወረን ወረራውን ያልተቀበለች ብቸኛዋ አገር ሜክሲኮ ናት። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥም በእኛ ስም የተሰየመ አደባባይ አለ። የባቡር ጣቢያውም ኢትዮጵያ ነው የሚባለው፤ ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው።

ጠመኔ — ሰኞ፣ ቀን 8፡10

የሜክሲኮ ልጅ፣ አያትህ ልክ ናቸው፤ "ብቸኛዋ" የምትለዋን ብቻ እናስተካክላት። አሜሪካ፣ ሶቭየት ኅብረት፣ ቻይናና ኒውዚላንድም ወረራውን አልተቀበሉም። ሜክሲኮ ግን በመንግሥታቱ ማኅበር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የቆመችልን አገር ናት። ጃንሆይም በ1946 ዓ.ም. ሄደው ጎብኝተዋታል። እንግሊዝ ግን በ1938 እ.ኤ.አ. የጣሊያንን ይዞታ ተቀብላለች፤ ያን ጊዜ ጃንሆይ ስደተኛ ሆነው የሚኖሩት እዚያው እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ ነው። የተጠለልክበት ቤት ባለቤት "አገርህ የለም" ሲልህ አስበው።

የስደት ልጅ — ሰኞ፣ ማታ 2፡50

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እኔ ታሪክ አላጠናሁም። ያየሁትን ልጻፍ። በአንድ የባሕረ ሰላጤ ከተማ ሆቴል ውስጥ በጽዳት ስሠራ ስድስት ዓመቴ ነው። ባለፈው ዓመት ከአገራችን ልዑካን ይመጣሉ ተባለ። የስብሰባ አዳራሹን እንድናጸዳ ሦስት ሆነን ተላክን። ረጅሙ ጠረጴዛ መሐል ላይ ትንንሽ ባንዲራዎች በእግራቸው ቆመዋል። ስጠጋ የእኛው ነው፤ ግን ቀዩ ከላይ፣ አረንጓዴው ከታች። ዓርማም የለውም።

እጄ ላይ ያለውን ጨርቅ አስቀመጥኩ። እዚያ ቤት ውስጥ የጽዳት ሠራተኛ ስለ ጠረጴዛ ዕቃ አትናገርም። ደንቡ ነው። ግን እግሬ አልራመድ አለኝ። ሄጄ ለተቆጣጣሪዬ ነገርኳት። እሷ ለአለቃዋ ነገረች። ሰውየው መጣና "አንቺ በምን አወቅሽ?" አለኝ። ስልኬን አውጥቼ አሳየሁት። ዝም ብሎ አየና ባንዲራዎቹን ሰብስቦ ወጣ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ትክክለኛው መጣ። "አንቺው አስቀምጪው" አለኝ። ስምንት ነበሩ። አንድ በአንድ ቀጥ አድርጌ አቆምኳቸው።

ልዑካኑ ሲገቡ እኛ በጓዳ በኩል ወጣን። ማንም አላወቀም። ለእናቴ ደውዬ ስነግራት እልል አለች።

የሰፊው ልጅ — ሰኞ፣ ማታ 3፡25

እህቴ እጅሽ ይባረክ። ሆቴሉ ያስቀመጠው የቦሊቪያን ባንዲራ ሳይሆን አይቀርም፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ነው የእነሱ።

አባቴ መርካቶ ባንዲራ ሰፊ ነው። ያደግኩት በዚያ ጨርቅ መሐል ነው። በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ የሆነውን ልንገራችሁ። ሐምሌ 1 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አስመራ ሄዱ። በሳምንቱ ሐምሌ 7 ፕሬዚዳንት ኢሳያስ ወደ አዲስ አበባ መጡ። መሐል ላይ ያለችው ሳምንት ለባንዲራ ሰፊ ምን እንደምትመስል አስቡት። የኤርትራ ባንዲራ የሚጠይቅ ሰው ሱቃችን በር ላይ ተሰለፈ። አባቴ ያን ባንዲራ ሃያ ዓመት አልሰፋውም ነበር። መቀሱን ይዞ ቆመና "ቀዩ ሦስት ማዕዘን ጫፉ እስከ የት ነው የሚደርሰው?" አለኝ። ስልክ ላይ አሳየሁት። ከላይ አረንጓዴ፣ ከታች ሰማያዊ፣ ቀዩ ውስጥ ቢጫ የወይራ ጉንጉን። የወይራው ቅጠል ነው ያስቸገረው። በካርቶን ልክ አወጣለትና አንዱን ሲሰፋ ግማሽ ቀን ፈጀበት።

ሱቁ አጠገብ ቡና የምታፈላ ሴትዮ አለች። አስመራ ተወልዳ በጦርነቱ ጊዜ ከእህቶቿ ተለያይታ የቀረች። የመጀመሪያው ሲያልቅ አባቴ ጠርቶ አሳያት። ጫፉን በሁለት እጇ ይዛ ጉንጯ ላይ አደረገችው። ምንም አልተናገረችም። አባቴ ያን አንዱን አልሸጠውም፤ ለእሷ ሰጣት። ቅዳሜ ዕለት ቦሌ መንገድ ላይ ይዛው ቆማ ነበር። ሁለቱ ባንዲራ ጎን ለጎን በየመብራት እንጨቱ ላይ ተሰቅሎ ሳይ፣ አሽከርካሪው ወንድሜ ይቅርታህን እየጠየቅኩ፣ ጨርቅ አልመሰለኝም። ከዚያ ወዲህ የሆነው ሌላ ነገር ነው። ያን ሳምንት ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

ገና ጀማሪ — ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡00

አንድ ጥያቄ አለኝ። ባንዲራ ከተሰቀለ እውቅና ተሰጠ ማለት ነው? የሶማሌላንድ መሪዎች ወደ ጎረቤት አገር ሲሄዱ ሁልጊዜ ግርግር የሚነሳው ለምንድን ነው?

የውጭ ጉዳይ ሕግ — ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡35

ጥሩ ጥያቄ ነው። በሕጉ በኩል እውቅና የሚመጣው ከሐሳብ ነው። አንድ መንግሥት "አውቄሃለሁ" ብሎ ሲወስንና ሲገልጽ። ባንዲራ ብቻውን እውቅና አይሰጥም። ግን ባንዲራ ምስክር ነው። አንተ ምንም ሳትናገር ሌላው አንብቦ ይተረጉመዋል። ስለዚህ ነው ፕሮቶኮል የሚሠሩ ሰዎች ስለ አንድ የጠረጴዛ ባንዲራ ሰዓታት የሚከራከሩት።

በዲሴምበር 2020 እ.ኤ.አ. የሶማሌላንዱ ፕሬዚዳንት ሙሴ ቢሂ ናይሮቢ ላይ የክብር አቀባበል ሲደረግላቸው ሶማሊያ ከኬንያ ጋር ያላትን ግንኙነት አቋረጠች። ኬንያ "እውቅና ሰጥቻለሁ" አላለችም፤ አቀባበሉ ነው የተነበበው። በጃንዋሪ 1 ቀን 2024 አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያና ሶማሌላንድ የመግባቢያ ሰነዱን ሲፈራረሙ ሶማሊያ እንዴት እንደተቆጣች ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ነገሩ የረገበው ኢትዮጵያና ሶማሊያ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ባወጡት የአንካራ መግለጫ ነው። እኔ በግሌ እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር ከመደረጉ በፊት ምን ማለት እንደሆነ ለሕዝብ በግልጽ መነገር ነበረበት ባይ ነኝ።

እዚሁ አዲስ አበባ ሌላም ምሳሌ አለ። የአፍሪካ ኅብረት ግቢ የሰሃራ ዐረብ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ባንዲራ ከሌሎቹ እኩል ይውለበለባል። በ1984 እ.ኤ.አ. ወንበሯን ስትይዝ፣ ግዛቱ የእኔ ነው የምትለው ሞሮኮ የያኔውን የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጥላ ወጣች። የተመለሰችው ከ33 ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ ሁለቱም ባንዲራ አንድ ግቢ ውስጥ ነው።

ከራይን ማዶ — ማክሰኞ፣ ቀን 6፡50

የጀርመኑን ልጨምርበት፤ በጣም የሚገርም ነው። ምዕራብ ጀርመን ምሥራቁን እንደ ውጭ አገር አትቆጥርም ነበር። እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ የምሥራቁን ባንዲራ ምዕራብ ውስጥ አደባባይ ላይ ብትሰቅል ፖሊስ መጥቶ ያወርደዋል። በሜይ 21 ቀን 1970 የምሥራቁ ጠቅላይ ሚኒስትር ቪሊ ሽቶፍ የምዕራቡን ቻንስለር ቪሊ ብራንትን ሊያነጋግሩ ወደ ምዕራቧ ከተማ ካሰል መጡ። ሆቴሉ በር ላይ የምሥራቁ ባንዲራ ተሰቀለ። ወጣቶች ዘለው አወረዱና ቀደዱት። የአንዲት አገር ልጆች ናቸው እኮ።

ከ17 ዓመት በኋላ፣ ሴፕቴምበር 7 ቀን 1987፣ የምሥራቁ መሪ ኤሪክ ሆኔከር ቦን ገቡ። ያን ጊዜ ባንዲራውም ተሰቀለ፤ መዝሙሩም ተሰማ። ግን የቦን ሰዎች እያንዳንዱን ነገር በሚዛን ነው ያስቀመጡት። "የመንግሥት ጉብኝት" አላሉትም፤ "የሥራ ጉብኝት" ነው ያሉት። የክብር ዘቡ ለሙሉ ጉብኝት ከሚሰለፈው አነስ ተደርጓል። የምሥራቁ ጽሕፈት ቤት ቦን ውስጥ ስሙ ኤምባሲ አይደለም፤ "ቋሚ ውክልና" ነው። በአንድ በኩል "እናውቅሃለን"፣ በሌላ በኩል "እንደ ባዕድ አናውቅህም"። ቻንስለር ኮል መዝሙሩ ሲሰማ የቆሙበትን ፎቶ ብታዩ ፊታቸው ሁሉንም ይነግራችኋል።

ስደተኛ 77 — ማክሰኞ፣ ማታ 1፡15

ስለ ባንዲራ ካወራን ዋናውን ለምን እንሸሻለን? ባለሥልጣን ሲመጣ እኛ ውጭ ያለነው የምንይዘው ልሙጡን ነው። ኤምባሲው ደግሞ ባለ ዓርማውን ይሰቅላል። የቱ ነው የእኛ?

የውጭ ጉዳይ ሕግ — ማክሰኞ፣ ማታ 1፡50

ሁለት ነገር አትቀላቅል ወንድሜ። ኤምባሲ፣ የአምባሳደር ቤትና መኪና ላይ የሚሰቀለው የመንግሥት ምልክት ነው። በ1961 እ.ኤ.አ. በወጣው የቪየና የዲፕሎማሲ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 20 የተሰጠ መብት ነው፤ ሕጉ የወሰነው ባንዲራ ነው የሚሰቀለው። ባለ ዓርማው ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ የሕጉ ነው። አንተ በእጅህ የምትይዘው ግን ትዝታህ፣ አባትህ፣ ቤትህ ነው። በንጉሡ ጊዜ አንበሳ ነበረው፣ በኋላም ሌላ ዓርማ መጣ፤ ሦስቱ ቀለማት ግን አልተነኩም። እኔ ሁለቱም በአንድ አዳራሽ ውስጥ ሊቆሙ ይችላሉ እላለሁ። የማልቀበለው አንዱ የሌላውን መንጠቁን ነው።

አወያይ — ማክሰኞ፣ ማታ 2፡30

በዚህ ነጥብ ላይ የመጡ 11 መልሶች ስድብ ስላለባቸው ተነስተዋል። ስለ ባንዲራ እየተነጋገርን አንዱ የሌላውን እናት መስደብ አይሆንም። ወደ ጉዳዩ እንመለስ።

ለንደን ነዋሪ — ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡20

ጉብኝት ምልክት ሊመልስም ይችላል። መቅደላ ላይ በ1860 ዓ.ም. የተዘረፈውን ታውቃላችሁ። ራስ ተፈሪ በ1916ቱ ጉዞ ለንደን ሲመጡ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ከተወሰዱት ዘውዶች አንዱን መለሱ። የተመለሰው በወርቅ የተለበጠው የብር ዘውድ ነው። የወርቁ ቀረ። ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ነው ያለው።

ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲመጡ ደግሞ የዐፄ ቴዎድሮስን ቆብና ማኅተም ይዘው መጡ። ማኅተሙን አስቡት! የአንድ መንግሥት ማኅተም ከመቶ ዓመት በኋላ ወደ ቤቱ ሲገባ። እኔ በወር አንድ ጊዜ ወደ ሙዚየሙ እሄዳለሁ፤ መግቢያው ነጻ ነው። ልጄን ይዤ ዘውዱ ፊት እንቆማለን። ባለፈው "አባዬ፣ ቀጣዩ እንግዳ ይዞልን ይመጣል?" አለችኝ። አንድ ቀን ይመጣል አልኳት፤ አምኜበት ነው ያልኳት።

የቦሌው አሽከርካሪ — ረቡዕ፣ ማታ 4፡00

ሁሉንም አነበብኩ። ተራ ስጠብቅ ነው ያነበብኩት። የሆቴሏን እህቴን ታሪክ ሁለቴ አነበብኩት። ስለ መንገዱ የተናገርኩትን አልመልሰውም፤ ለታማሚ መንገድ ይከፈት። ስለ ጨርቁ ግን ያልኩትን አንስቻለሁ። እህቴ፣ አንቺ ያቆምሻቸው ስምንቱ ባንዲራዎች አጀብ አላስፈለጋቸውም።

ከራይን ማዶ — ረቡዕ፣ ማታ 5፡10

ዛሬ ለአባቴ ደውዬ ሁሉንም አነበብኩለት። አርባ ደቂቃ ፈጀ። ንግሥቲቱ ላይ ስደርስ አቆመኝ። ያን ዓመት 11 ዓመቱ ነበር። የትምህርት ቤት ልጆች መንገድ ዳር ተሰልፈው ነበርና እሱም ቆሟል። ከዚህ በፊት ነግሮኝ አያውቅም።

የነገረኝን እንዳለ ልጻፈው። "ሁለት የወረቀት ባንዲራ ሰጡን። በቀኝ የእኛን፣ በግራ የእንግሊዝን። ከጠዋት ጀምሮ ቆመን እጃችን ዛለ። ግራ እጄ ወረድ ሲል መምህራችን ከኋላ መጡና ክርኔን ቀስ አድርገው ከፍ አደረጉት። ቀኙ ከፍ ሲልብኝ ደግሞ እሱን ዝቅ አደረጉት። 'እኩል፣ ልጄ፣ እኩል' አሉኝ። መኪናው ሲያልፍ ንግሥቲቱን አላየኋትም። ሁለቱ እጆቼ እኩል መሆናቸውን ነበር የማየው።"

ጋሽ ክላርኔት፣ አባቴ አንድ ነገር ጠይቅልኝ ብሎኛል። ያን ቀን ከአደባባዩ ማዶ የማርሽ ባንድ ነበር፤ እርስዎ ወይም አለቃዎ እዚያ ከነበራችሁ ማወቅ ይፈልጋል።